በጠጠረው ኩሬ ላይ የቆመው ልጅ፦ ገላና ተፈጥሮ በፒተር ዶይግ ሥዕሎች

(ለሥዕል ተማሪዎችና ወዳጆች በቃል ከቀረበ ንግግር የተጻፈ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ የሥዕል ወዳጆች፣

ንግግሬን በአንድ ሥዕል እጀምራለሁ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል ነው። የተሣለው በ1993 ሲሆን ዛሬ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ከተማ፣ በዎከር የሥዕል ጋለሪ ነው። አንድ ወጣት ውርጭ ባጠጠረው ኩሬ ላይ ብቻውን ቆሟል። አንገቱን ደፍቶ ከእግሩ ሥር ያለውን ያያል። ከኋላው አመዳይ የለበሰ ጉብታ አለ፤ ከጉብታው በላይ የዛፍ ግንዶች ተደርድረዋል። በጠጠረው ኩሬ ላይ ስስ ውኃ ስለተኛበት የልጁ ምስል ተገልብጦ ይታያል። ነጩ ነጭ ብቻ አይደለም፤ ሐምራዊ አለበት፣ ሮዝ አለበት፣ እዚህም እዚያም የደፈረሰ ሰማያዊ አለበት። በሥዕሉ ውስጥ የሚከናወን አንዳች ድርጊት የለም። ቢሆንም ከፊቱ ቆሞ በቶሎ መላቀቅ አይቻልም።

የሥዕሉ ርእስ «ብሎተር» ነው፤ ቀለም የሚመጠው ወረቀት ማለት ነው። ሠዓሊው ፒተር ዶይግ ይባላል። ኩሬው ላይ የቆመው ልጅ የገዛ ወንድሙ ነው። ዶይግ ፎቶግራፍ አነሣው፤ ከማንሣቱ በፊት ግን ነጸብራቁ እንዲጎላለት በጠጠረው ኩሬ ላይ ውኃ እንዲፈስ አደረገ። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉን መነሻ አድርጎ፣ ቀለሙን እያቀጠነና ሸራው እንዲመጠው እየተወ፣ ደራርቦ ሣለው። ስለዚህ በዚህ ሥዕል ውስጥ ሁለት ነገር እየሰረገ ነው፤ ቀለሙ ወደ ሸራው ይሰርጋል፣ ልጁም ወደ ቆመበት ቦታ ይሰርጋል።

ዛሬ የምናገረው በሙሉ ከዚህ ይመዘዛል። ሕልም የሚመስል ሥዕል ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እንግዳ ፍጡር ነው፤ የቀለጠ ሰዓት፣ የወፍ ራስ ያላት ሴት፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ቤት። በዶይግ ሸራዎች ላይ ከሞላ ጎደል እንዲህ ያለ ነገር አታገኙም። የምታገኙት ልጅ፣ ኩሬ፣ ታንኳ፣ ዛፍ፣ ግንብና የባሕር ዳርቻ ነው። ሁሉም በዓለም ላይ ያለ፣ አብዛኛውም በካሜራ የተነሣ ነገር ነው። ታዲያ ሕልሙ ከየት መጣ? እኔ እንደሚገባኝ ሕልሙ የመጣው ሰውነትና ተፈጥሮ ከአንድ ቅብ በመሠራታቸው ነው። ዶይግ ሰውን ከመልክዓ ምድር ፊት ለፊት አቁሞ አያሳየንም። ሰውየው ኩሬውን ከሠራው ቀለም ይወጣል፤ ወደዚያው ቀለምም ይመለሳል። የጫማው ጫፍ የት አብቅቶ ውኃው የት እንደሚጀምር ለመለየት ብትጠጉ የምታገኙት የብሩሽ ፈለግ ብቻ ነው።

የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ ልበል፤ ለሥዕሎቹ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ። በ1959 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ ተወለደ። በ1962፣ ገና ሕፃን ሳለ፣ ቤተሰቡ ወደ ካሪቢያኗ ደሴት ወደ ትሪኒዳድ ሄደ። በ1966 ደግሞ ወደ ካናዳ ተሻገሩ። በ1979 ሥዕል ሊማር ለንደን ገባ። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ወደ ሞንትሪያል ተመልሶ ለፊልም ቀረጻ የሚዘጋጁ ትዕይንቶችን በመቀባት ሠርቷል። ዳግመኛ ለንደን ተመልሶ በ1990 በቼልሲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የማስተርስ ትምህርቱን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ፤ በ1993 ያንኑ «ብሎተር»ን አቅርቦ የጆን ሙርስን የሥዕል ሽልማት አሸነፈ፣ በ1994 ለታዋቂው የብሪታንያ የሥነ ጥበብ ሽልማት ለተርነር ታጨ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሽልማቶቹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። አመዳዩን፣ የጠጠሩትን ሐይቆችና የካናዳን ጫካ የሣለው ካናዳ ሆኖ አይደለም፤ ለንደን ተቀምጦ ነው። በጊዜው በለንደን የእንስሳ በድን በመስታወት ሣጥን ውስጥ በፎርማሊን ነክሮ ማሳየት የዘመኑ ወሬ ነበር። መልክዓ ምድር በዘይት ቀለም መሣል የጡረተኞች ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። እሱ ግን በዚያ መካከል፣ በመስኮቱ የማይታየውን ክረምት ቁጭ ብሎ ይሥላል። ርቀቱ ያስፈልገው ነበር። ከፊታችን ያለው ዛፍ ቅርንጫፉን በሙሉ ያሳየናል፤ ሃያ ዓመት የቆየ ዛፍ ግን የሚመጣልን በከፊል ነው። ግንዱ ይቀራል፣ ቅጠሉ ይጠፋል፣ በቅጠሉ ፈንታ ያን ቀን የነበረው ብርድ ይመጣል። ስለ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ስለ ፒየር ቦናር ሲናገር ዶይግ፣ ቦናር ከዓይን በስተ ጀርባ ያለውን ቦታ የሚሥል እንደሚመስለው፣ ይህም አልጋ ላይ ተጋድሞ የአንድን ነገር መልክ ለማስታወስ እንደመታገል መሆኑን ተናግሯል። እኔ ይህን አነጋገር ለራሱ ለዶይግ መልሼ እሰጠዋለሁ፤ ከእሱ የተሻለ የሚስማማው ሠዓሊ አላውቅም።

ወደ ታንኳው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። በ1980 በወጣ አንድ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት በሐይቅ መካከል በታንኳ ውስጥ ተዘርግታ ትታያለች። ደም የፈሰሰበት ሌሊት አልፏል፤ ውኃው ጸጥ ብሏል፤ ተመልካቹም ነገሩ ያበቃ መስሎት ትንፋሹን ይመልሳል። ዶይግ ከዚያች ቅጽበት ተነሥቶ ለዓመታት ሣለ። «ሚልኪ ዌይ» የተባለው የ1989–90 ሥዕሉ ሌሊት ነው። ከላይ ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቷል። በመካከል ደማቅ የዛፎች መስመር ሸራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከታች ሐይቁ ከዋክብቱንም ዛፎቹንም መልሶ ያሳያል። ታንኳዋ ግን ጣት የምታህል ናት፤ በውስጧ ያለው ሰው የብሩሽ አንድ ንክኪ ብቻ ነው። ቢሆንም ዓይናችን ከዚያ ሁሉ ኮከብ መካከል እሷኑ ፈልጎ ያገኛል። ይህ ቀላል የሚመስል ግን ከባድ ችሎታ ነው፤ ገላው ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን ብቻውን ስለሆነ ነው የምናየው።

«ስዋምፕድ» በተባለው የ1990 ሥዕልና «ኋይት ካኑ» (ነጭ ታንኳ) በተባለው የ1990–91 ሥዕል ታንኳዋ ቀርባለች፣ ነጥታለችም። ረግረጉ ላይ ያረፈው ነጸብራቋ ከራሷ እኩል ደምቋል። ማንኛውም የሥዕል ተማሪ ነጸብራቅ ከነገሩ ይልቅ እንዲደበዝዝ ተነግሮታል። ዶይግ ያን ደንብ ትቶታል። የላይኛውና የታችኛው እኩል ሲጎሉ የትኛው እውነት፣ የትኛው ምስል እንደሆነ ዓይን መወሰን ያቅተዋል። ሸራውን ገልብጣችሁ ብትሰቅሉት እንኳ ሥዕል ሆኖ ይቆማል። እግር የሚረግጠው መሬት ሲጠፋ ሰውነታችን ራሱ ያውቀዋል። በሥዕሉ ውስጥ ሰው በግልጽ ባይታይም ሚዛኑን የሚስተው የተመልካቹ ገላ ነው።

በ1997 በተሣለው «ካኑ ሌክ» (የታንኳ ሐይቅ) ደግሞ ሰውየዋ ቀርባለች። እጇ ወደ ውኃው ወርዷል። ውኃው፣ ታንኳው፣ ቆዳዋ ሁሉ በአንድ የታመመ ቢጫ አረንጓዴ ተነክረዋል። ይህን ቀለም ስመለከት ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ፣ ሞታለች ወይስ ተኝታለች የሚለውን ጥያቄ ፊቷ ሳይሆን አረንጓዴው መሸከሙ ነው። ካናዳ ውስጥ ያደገ ሰው ደግሞ ካኑ ሌክ ሲባል ሌላም ነገር ይሰማዋል። የካናዳን ጫካና ሐይቅ በሥዕል ካስተዋወቁት አንዱ ቶም ቶምሰን በ1917 በታንኳው ወጥቶ ሞቶ የተገኘው ካኑ ሌክ በተባለው ሐይቅ ነው። የፊልሙ ሞትና የሠዓሊው ሞት በአንድ ታንኳ ላይ ተሳፍረዋል። ዶይግ ግን አንዱንም አይተርክም፤ ደም የለም፣ ገዳይ የለም። ፍርሃቱን ሁሉ ለውኃው ቀለም አስረክቦ እሱ ዞር ይላል።

በለንደኑ ቴት ሙዚየም ያለው የ1998ቱ «ኤኮ ሌክ» ከዚሁ ፊልም የተቀዳ ነው። አንድ ፖሊስ በሐይቅ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ፊቱ አንሥቶ ወደ እኛ ይጮኻል። ከኋላው የፖሊስ መኪና መብራት በጨለማው ውስጥ ይታያል። አቋቋሙ የኖርዌዩን ሠዓሊ የኤድቫርድ ሙንክን የሚጮኽ ሰው ያስታውሳል። እዚህ ላይ ሠዓሊው እኛን ያቆመን የት እንደሆነ አስተውሉ። ፖሊሱ ወደ ሐይቁ ይጮኻል፤ የምናየው ደግሞ ከፊት ለፊቱ ነው። እንግዲያውስ ያለነው ሐይቁ ላይ ነን። የሚፈለገው ሰው ምናልባት እኛ ነን፤ ድምፁም አይደርሰንም።

አመዳይ የሚጥልባቸው ሥዕሎች ሌላ ምዕራፍ ናቸው። «ኮበርግ 3 + 1 ሞር» (ኮበርግ፣ ሦስትና አንድ ተጨማሪ) በሚል ርእስ በ1994 የተሣለው ሥዕል በካናዳ ኦንታርዮ ያለችውን የኮበርግን ከተማ ያስታውሳል። በሩቁ አራት ሰዎች አሉ። በእነሱና በእኛ መካከል ግን አመዳይ እየወረደ ነው፤ አመዳዩም ከነጭ ነጠብጣብ እስከ ሮዝና ቡኒ ቅብ ድረስ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ጠጋ ስትሉ ሰዎቹ ይጠፋሉ፤ የቀለም ጉብታ ብቻ ይቀራል። ራቅ ስትሉ ይመለሳሉ። ስለዚህ ከሥዕሉ ፊት መሄድና መመለስ ትጀምራላችሁ፣ ለማየት ሲሉ ዓይናቸውን እንደሚያጠብቡ ሰዎች። በመጽሐፍ ወይም በስልክ መስኮት ላይ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ፎቶው አራቱን ሰዎች አንዴ ያሳያችሁና ያበቃል። ይህን የምለው የዶይግን ሥዕል በኅትመት ብቻ አይተው ጌጥ ነው ብለው ያለፉ ሰዎች ስላሉ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል ብቻ። በ2007 «ኋይት ካኑ» በጨረታ 5.7 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። በ2021 ደግሞ «ስዋምፕድ» ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሠዓሊው የሚወራው ብዙው ነገር ስለ ዋጋው ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሰው ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ቁጥር እንዲያስብ ያደርገዋልና። እዚህ ላይ ትቼዋለሁ።

ሰው የማይታይባቸው ግን ሰውነት የሚሰማባቸው ሥዕሎችም አሉት። በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በብሪዬ ጫካ ውስጥ፣ ታዋቂው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ የነደፈው ግዙፍ የመኖሪያ ሕንፃ አለ። ሕንፃው ነዋሪ አጥቶ ከቆየ በኋላ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሊያድኑት ከተሰባሰቡ አርክቴክቶችና ሠዓሊዎች መካከል ዶይግ አንዱ ነበር። ጫካውን እያቋረጠ ወደ ሕንፃው ሲሄድ በእጁ በያዘው የቪዲዮ ካሜራ ቀረጸ፤ ከዚያ ቀረጻ ላይ ቆም ካሉ ምስሎች ተነሥቶ «ኮንክሪት ካቢን» የሚባሉትን ሥዕሎች ሠራ። ነጭ፣ ቀይና ቢጫ የሕንፃው ገጽታዎች በጥቁር ግንዶች መካከል ብልጭ ይላሉ። ማንም በሥዕሉ ውስጥ የለም፤ ካሜራውን የያዘው እጅ ግን አለ፤ ይራመዳል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ተፈጥሮ የሰውን ሥራ ከሸፈነችበት ጀርባ ሆነን የምንሰልለው እኛ ነን።

በ2000 ለአጭር ቆይታ ወደ ትሪኒዳድ የተመለሰው ከሠዓሊው ጓደኛው ከክሪስ ኦፊሊ ጋር ነበር። በ2002 ከነቤተሰቡ ጠቅልሎ ገባ፤ ወደ ለንደን እስኪመለስ ድረስም ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል መኖሪያው እዚያ ሆነ። በዚያ ቀለሙ ተለወጠ። የካናዳዎቹ ሸራዎች ወፍራም፣ ጎርባጣና የተደራረቡ ነበሩ። የትሪኒዳዶቹ ቀጠኑ። ቀለሙ በማቅጠኛ ረጥቦ ይፈሳል፣ ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ የሸራው ድርና ማግ ሳይሸፈን የሚቀርበት ቦታ አለ። አንዳንድ ሐያሲ ይህን ስንፍና ብሎታል። እኔ በተቃራኒው ድፍረት ነው እላለሁ። ወፍራም ቀለም ስሕተትን ይሸፍናል፤ ቀጭን ቀለም ግን እጅ የሄደበትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ያጋልጣል። ገላውም አብሮ ቀጠነ። ከበስተኋላው ያለው ባሕር በገላው ውስጥ አልፎ የሚታይበት ሰው መሣል የጀመረው እዚህ ነው።

በ2001 የተጠናቀቀውንና በፓሪስ ፖምፒዱ ማዕከል ያለውን «100 ዓመት በፊት (ካሬራ)» እንውሰድ። ወርዱ ከሦስት ሜትር ተኩል ይበልጣል። ቀይ ብርቱካንማ ታንኳ በሸራው ላይ ተንጋልሏል፤ ርዝመቱ ታንኳ ሊኖረው ከሚችለው በላይ ነው። በመካከሉ ጸጉሩና ጢሙ የረዘመ ሰው ተቀምጦ ያየናል። የሰውየው መልክ የመጣው ከአንድ የሙዚቃ አልበም ውስጥ ካለ ፎቶግራፍ ነው፤ በኦልማን ብራዘርስ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረው ቤሪ ኦክሊ ነው። ከበስተኋላው ያለችው ደሴት ካሬራ ትባላለች፤ ከትሪኒዳድ ጠረፍ ወጣ ብላ የምትገኝ የእስረኞች ደሴት ናት።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ተመልከቷቸው። ታንኳው ከካናዳ መጣ፤ ሰውየው ከአሜሪካ ሙዚቃ መጣ፤ ደሴቷ ከትሪኒዳድ መጣች። በአንድ ባሕር ላይ መገናኘት አልነበረባቸውም። ግን ባሕሩና ሰማዩ በሰፊ አግድም ቅብ ተነጥፈው አንድ ስላደረጓቸው፣ ማንም «ይህ ሰው ምን ሊሠራ እዚህ መጣ?» ብሎ አይጠይቅም። ሰውየው ወዴትም የሚሄድ አይመስልም፤ መቅዘፊያም ሲያንቀሳቅስ አናይም። ከበስተኋላው እስር ቤት መኖሩን ካወቃችሁ በኋላ ደግሞ አስተያየቱ ይከብዳል። የተጓዘው ለመዝናናት ነው ወይስ አምልጦ? ውብ ነው የምንለው ሰማያዊ ለአንዱ የእረፍት ባሕር፣ ለሌላው አጥር ነው። ዶይግ ሁለቱንም በአንድ ቅብ ቀብቶታል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ እኔን በጣም የሚይዘኝ ነው። ዶይግ አንድ ቀን በትሪኒዳድ የባሕር ዳርቻ ሳለ አንድ ሰው ትልቅ የባሕር ወፍ፣ ፔሊካን፣ ከውኃ እየጎተተ ሲያወጣና አንገቱን ሲጠመዝዝ አየ። ሰውየው የሚያየው እንዳለ ሲያውቅ አፍጥጦ ተመለከተና መንገዱን ቀጠለ። ለዚህ ፎቶግራፍ አልነበረውም። በኋላ ግን መረብ የሚጎትት አንድ ሕንዳዊ ዓሣ አጥማጅ የሚታይበት ፖስት ካርድ አገኘ፤ የሰውነቱ ጉተታ ያየውን ሰው አስታወሰው። ከሁለቱ በ2003 እና በ2004 «ፔሊካን» የተባሉትን ሥዕሎች ሠራ። በሥዕሎቹ ላይ ወፉን ለይቶ ማየት ያዳግታል። ያለው የሰውየው ገላ ነው፤ ጨለም ብሎ፣ በዘንባባዎቹ ሥር፣ በሰማያዊና በነጭ የብርሃን ፏፏቴ አጠገብ። የግድያው ኃይል ከእጁ ወጥቶ ወደዚያ የብርሃን ጅረት ተላልፏል። ብርሃኑ ይወርዳል እንጂ አያበራም። ሰው ባየው ነገር ከደነገጠ በኋላ የሚቀርበት ይኸው ነው፤ ዝርዝሩ ይሰወራል፣ በዝርዝሩ ፈንታ የዕለቱ ብርሃን ከልክ በላይ ይገዝፋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም ያለውን አንድ ሥዕል ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በ2015 የተሣለው «ሬይን ኢን ዘ ፖርት ኦፍ ስፔን (ኋይት ኦክ)» በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን መካከል ያለውን ባለ ቢጫ ግድግዳ እስር ቤት ያሳያል። ከግድግዳው ፊት አንበሳ በነጻነት ይንጎራደዳል። በትሪኒዳድ የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታዮች የይሁዳን አንበሳ በየግድግዳው ይሥሉታል፤ የዶይግ አንበሳ ከእነዚያ ሥዕሎች ዘመድ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትሪኒዳድን የጎበኙት በሚያዝያ 1966 ነበር፤ የዶይግ ቤተሰብ ደሴቲቱን ለቅቆ ወደ ካናዳ የሄደበት ያው ዓመት። አንበሳው የታሠሩትን ሰዎች ይወክላል ወይስ ያሰራቸውን? ታጋሽ ነው ወይስ የተራበ? እኛ ይህን አንበሳ ዘውድ ጭኖና ሰንደቅ ይዞ አይተነው ስለምናድግ፣ ባዶ ጎዳና ላይ ያለ ዘውድ ስናገኘው የሚሰማን ነገር ከሌላው ተመልካች የተለየ መሆኑ አይቀርም።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ልምጣ። ነጭ አውሮፓዊ ሠዓሊ ሞቃት ደሴት ላይ ተቀምጦ ጥቁር ገላና ዘንባባ ሲሥል ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋንና ሴቶቿን የሣለባት የፓስፊክ ደሴት ታሂቲ ወደ አእምሮ ይመጣሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዶይግን ስለምወድ ብቻ ልሸሸው አልፈልግም። ጎጋን የሣላቸው ሴቶች ለተመልካቹ ዓይን ተዘርግተው የቀረቡ ናቸው። የዶይግ ሰዎች ግን ወይ ጀርባቸውን ይሰጡናል፣ ወይ አፍጥጠው መምጣታችንን እንዳልፈቀዱት ይነግሩናል። በፖርት ኦፍ ስፔን የላፔሩዝ መካነ መቃብርን ግንብ ታክኮ ጃንጥላ ይዞ የሚያልፈው ሰውዬ፣ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው የ2004ቱ ሥዕል፣ ለእኛ ሲል አይቆምም፤ ጉዳዩን ይዞ ያልፋል። ዶይግ በከተማው እንደ ቱሪስትም አልኖረም። በ2003 ከትሪኒዳዳዊው ሠዓሊ ከቼ ላቭሌስ ጋር በስቱዲዮው የፊልም ክበብ ከፍቶ በየሳምንቱ በነጻ ያሳይ ነበር፤ ማስታወቂያዎቹን ራሱ በዘይት ቀለም ወረቀት ላይ ይሥላቸው ነበር። ይህ ሁሉ ጥያቄውን ያቀልለዋል እንጂ አይዘጋውም። የሚጎድለውንም እላለሁ፤ በሸራዎቹ ላይ ብቸኛ ወንድ ሞልቷል፣ ሴት ግን ብዙ ጊዜ ወይ የለችም፣ ወይ በታንኳ ውስጥ ተዘርግታለች።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ከተማሪዎች ዘወትር የሚቀርብልኝን ጥያቄ ልመልስ፦ ከፎቶግራፍ መነሣት ማጭበርበር አይደለም ወይ? ከዶይግ ሥራዎች አንዱን ብቻ ይዤ እመልሳለሁ። በሺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ያለው፣ ከ2000 እስከ 2002 የተሣለው «ጋስትሆፍ ዙር ሙልደንታልሽፔረ» የሚባለው ሥዕል ነው። ከሁለት ፎቶዎች ተወልዷል። አንደኛው በጀርመን አገር በአንድ ግድብ አጠገብ የነበረን የመንገደኞች ማረፊያ የሚያሳይ አሮጌ ፖስት ካርድ ነው። ሁለተኛው የዶይግ የራሱ ነው፤ ወጣት ሳለ በለንደን የኦፔራ ቤት ተዋንያንን ልብስ በማልበስ ይሠራ ነበርና፣ ከጓደኛው ጋር የባሌት ትርኢት ልብስ አጥልቀው የተነሡት።

ፖስት ካርዱ ፖስት ካርድ ነው። የጓደኛሞቹም ፎቶ ለሳቅ የተነሣ ነው። ከሁለቱ በአንዱም ሕልም የለም። በሸራው ላይ ግን ሁለቱ ሰዎች በሌሊት፣ በበሩ ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ከእነሱ ኋላ በቀለም ያሸበረቀ የድንጋይ ግንብ ወደ ግድቡ ይታጠፋል፤ ከግንቡ ባሻገር ውኃና ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ ኮከብ የተረጨበት ሰማይ አለ። የግንቡን ድንጋዮች አንድ በአንድ ተከተሏቸው፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ቢጫ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ልብስ ተመለሱ፤ እነዚያኑ ቀለሞች ታገኛላችሁ። ከፖስት ካርዱ የመጣው ድንጋይና ከለንደን የመጣው ልብስ የተሰፉት እዚህ ነው። ካሜራ ይህን አይሰጥም። ሁለቱን ዓመት የወሰደው ሥራም በአብዛኛው ይህ ይመስለኛል፦ የሰዎቹን ልብስ ከድንጋዩ ጋር እስኪስማማ መቀባት፣ መፋቅና እንደገና መቀባት። እንግዲህ ከፎቶግራፍ ለመነሣት የምትፈልጉ ተነሡ። ፎቶግራፉን ግን ከግማሽ መንገድ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ክተቱትና ከሸራው ጋር ብቻችሁን ቆዩ።